ገመዱን ያሰረው እሱ ነበር

ጋሽ ደምለው መሞቱን የነገረኝ፣ ሐሙሲት መንገድ ዳር ካለችው ጎሚስታዬ ጎማ ሊያስጠግን የቆመ ሹፌር ነው። እኔ ቁጢጥ ብዬ ጎማውን ከቸርኬው ላይ እፈለቅቃለሁ፤ እሱ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ሸንኮራ ያኝካል።

«የወረታው ጋሽ ታኮ አረፉ አሉ፤ ሰማህ?»

«መቼ?»

«ትናንት ነው መሰል። ዛሬ ይቀበራሉ። አይ ሰው! እንደሳቸው ያለ ሹፌር እኮ ከእንግዲህ አይገኝም።»

ሰው ሞተ ሲባል «ነፍስ ይማር» ነው የሚባለው። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አመለጠኝ!» አልሁ።

«ምኑ?» አለ ሹፌሩ ደንገጥ ብሎ።

«ብረቱ ነው ያመለጠኝ» ብዬ ዋሸሁት።

ያመለጠኝስ ደምለው ነው። ከዚያ ሰው አንዲት ቃል ስጠብቅ ጠጉሬ ሸበተ። እግሬ ላይ ይውደቅ አላልሁም፣ ካሳ ይክፈለኝም አላልሁም። በወረታ ሹፌሮች ፊት ቆሞ «ገመዱን ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ የለበትም» ይበል፣ በቃ። ስሜን ይመልስልኝ። ይቺን ሳይተነፍስ ሄደ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ንድድ ነው ያልሁት።

አንድ ነገር ላስቀድም። ድሮ «እርስዎ» ነበር የምለው፤ እንደ አባቴ ነበር የማየው። ፖሊስ ጣቢያ ከዋልንበት ቀን ወዲህ ግን አንቱታው ካፌ አልወጣ አለኝ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይጠራም፣ ነውር ነው ያሉኝ አሉ። ይሁን፣ ነውሩን እኔ ልሸከመው።

ጋሽ ታኮ የሚለውን ስም ያወጡለት የወረታ ሹፌሮች ናቸው። ታኮ፣ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚሸጎጠው ግንድ ነው። እንግዲህ የፎገራን ሜዳ ያየ ያውቀዋል፤ ኳስ ብታስቀምጥበት ማታም እዚያው ነው የምታገኘው። ደምለው ግን በዚያ ሜዳ ላይ፣ ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ሲያቆም እንኳ ከፊትም ከኋላም ታኮ ሳያደርግ ከመኪናው አይርቅም። ሹፌሮቹ ይሥቁበታል።

«ጋሼ፣ ወዴት ይሄዳል ብለው ነው? ጣና ወርዶ ሊታጠብ?»

አይቆጣም። ጎማውን በመዳፉ ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «ይሄ ሜዳ መሆኑን አያውቅም» ይላቸዋል። ይህችን መልስ ስንቴ እንደሰማኋት!

የጉልምስና ዕድሜውን የጨረሰው በጦር ሠራዊት ሹፌርነት ነው። መንግሥት ሲለወጥና ጦሩ ሲበተን፣ ካፖርቱንና መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወረታ ገባ። እህል ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ሁለት የጣሊያን የጭነት መኪኖች ነበሯቸው፤ አንዷን ሰጡት። ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ሲሄድ ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚል ሰው ነበር። ሲሥቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ያኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁ፤ ራሴን ግን እንደ ታላቅ ሹፌር ነበር የማየው። ሐጂ ሰይድ ሁለተኛዋን መኪና ሊሰጡኝ ሲያስቡ፣ «እኔ መኪና አላውቅም፣ ደምለው ይይህ» አሉኝ። ሄድሁና ቁልፉን ይሰጠኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ቁልፉን ምን ልታደርገው?» አለኝ።

«ልነዳ ነዋ!»

«መንዳቱንማ ማንም ይነዳል። ማቆሙን አሳየኝ።»

ሞተሩን አስነስቶ፣ ለፍሬኑ የሚሆነው አየር በጋኑ ውስጥ እስኪሞላ ጠበቀ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ፍሬኑን ርገጥ አለኝ። እሱ ካፖርቱን አውልቆ መኪናው ሥር ገባ። «ርገጥ! ያዝ! አትልቀቅ አልሁ እኮ!» እግሬ እስኪዝል አስረገጠኝ። ሲወጣ፣ «ምን ሰማህ?» አለኝ። ምን እሰማለሁ? የገበያ ቀን ነው፣ አህያው ያናፋል፣ የሩዝ መፈተጊያው ወፍጮ ይጮሃል። «ምንም» አልሁት። «እንግዲያው ነገ ማልደህ ና» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ከተማው ሳይነቃ ሄድሁ። ዳግመኛ አስረገጠኝ። ያኔ ሰማሁት፤ ከኋላ ጎማው በኩል ሲስስ የምትል ቀጭን ድምፅ። «አየር ያፈስሳል!» ብዬ ጮህሁ። የደምለው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። «አሁን ገና ሹፌር ልትሆን ነው» አለና ቁልፉን ወረወረልኝ። ያን ቀን እንደዚያ የተደሰትሁትን ለሠርጌም አልተደሰትሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልነገረኝ የለም። በየማለዳው ከአየር ጋኑ ሥር ያለችውን ጠባብ መክፈቻ አላልቶ የተጠራቀመውን ውሃ ያስፈስሰኛል፤ ውሃው ካልወጣ አየሩ ቦታ ያጣል፣ ፍሬኑም ይከዳል ይለኛል። ከደብረ ታቦር ስንወርድ ደግሞ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ሳንደርስ ገና ማርሽ ያስቀንሰኛል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬን ሲቸግርህ ብቻ ደጅ የምትጠናው ዘመድ ነው፤ በየመንገዱ አታስቸግረው።» ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ወርዶ፣ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማዎቹ ልብ አስጠግቶ ሙቀታቸውን ይለካል። የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስስ ነው የሚመስለው።

አንድ ጊዜ አለም በር አካባቢ ስንወርድ፣ አንድ ሹፌር ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በባዶ እየተንደረደረ አለፈን። ሲያልፈንም ክላክሱን አንጣጥቶ፣ «ሬሳ ነው እንዴ የጫናችሁት?» ብሎ ተሳለቀብን። እኔ ደሜ ፈላ። ደምለው ግን ወይ ፍንክች! በዚያው በኤሊ አረማመዱ ቀጠለ። ታች ስንደርስ ያ ሰውዬ ከመንገድ ወጥቶ ቁልል አፈር ውስጥ አፍንጫውን ቀርቅሮ ቆሟል፤ ጎማዎቹ ጭስ በጭስ ሆነዋል፤ እሱ ከንፈሩ ደርቆ በጄሪካን ውሃ ሊያፈስባቸው ይሮጣል። ደምለው ዘልሎ ወርዶ ጄሪካኑን ነጠቀው። «የጋለ ብረት ላይ ውሃ? ልትሰነጥቀው ነው?» አለው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንዲት የስድብ ቃል ሳይወጣው ስንቃችንን አውጥቶ አጎረሰው፤ ጎማዎቹ እስኪበርዱም አብረነው ተቀመጥን። እኔ አንጀቴ እያረረ «ይበለው!» ስል፣ «እሱስ ቢሆን ልጆች አሉት» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ይህንን ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁም። ክፉ ሰው ቢሆንማ ምን ጨነቀኝ? ክፉ ሰው ሲከዳህ «ድሮስ» ብለህ ታልፈዋለህ። የፎገራ ወባ ጥሎኝ ሰውነቴ እንደ ቅጠል ሲርገፈገፍ አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ ይህ ሰው ነው። ሚስቱ እትዬ ጥሩወርቅ አጥሚት ሲያመላልሱልኝ፣ እሱ ካጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጦ ካፖርቱን ደርቦብኛል። ለሰው ሲያስተዋውቀኝም «ልጄ ነው» ይል ነበር።

ስለ መጎተት ያስተማረኝን ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልግባ። «ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬን የለውም ብለህ ቁጠረው» ይላል። አየሩን የሚሞላው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ አየሩ ያልቃል፣ ፔዳሉን ብትረግጠው ባዶ ነው። የእጅ ፍሬኑም ለቆመ መኪና ነው እንጂ ጭነት ይዞ ለሚንከባለል አይበቃም። «ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና በገመድ አይጎተትም። ገመድ ይስባል እንጂ አያቆምም። የፊተኛው ሲቆም የኋለኛው መጥቶ ይወጋዋል። በብረት ካሰርኸው ግን ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው፤ አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ሰው ደግሞ አይጫንበትም፤ የእናትህ ልጅም ቢሆን አይጫንበትም።» ለዚሁ ሲል ሁለት ጫፉ ቀለበት ያለው ረጅም ብረት አስበይዶ መኪናው ሥር አስሮ ነበር የሚዞረው። መላው የወረታ ሹፌር ያን ብረት ከእሱ ይዋሳል፤ ሲዋስም ይህንኑ ስብከት ሰምቶ ነው የሚወስደው። «ደምለው በገመድ ጎተተ» ብትል የሚያምንህ የለም። እኔም ብሆን ባላየው አላምንም ነበር።

ያን ጊዜ የሩዝ አጨዳ ነበር። ከቁሐር ሚካኤል ሩዝ ጭኜ ወረታ ወፍጮ ላደርስ ነው። ያለወቅቱ ዝናብ ጥሎ ስለነበር፣ ከማሳው ወደ ዋናው መንገድ በሚያወጣው የጋሪ መንገድ ላይ መኪናዬ እስከ ጎማዋ ወገብ ሰመጠች። ስታገል ስታገል የናፍጣ ፓምፗም ተበላሸና ሞተሯ ጭራሽ ዝም አለ። በዚያ አገር መኪና ሲሰምጥ «ድረሱልኝ» ማለት አያሻም። ገበሬው ማጭዱን ጥሎ ይመጣል፤ ጭቃውን ይቆፍራል፣ የሩዝ ገለባ ከጎማው ሥር ያነጥፋል፣ እየዘፈነ ይገፋል። ታዲያ የገፋ ሰው ከነኮተቱ ወደ ገበያ ይሳፈራል፤ ይህን ማንም አላወጀውም፣ ማንም ግን አይሽረውም። ያን ቀንም ወረታ ገበያ ነበረ። አያ ይመር የሚባል የቁሐር ገበሬ ነበር አዝማቻቸው፤ ቀልደኛ፣ ሲገፋ «እምዬ ብረቷ፣ ተነሽ!» እያለ የሚያሥቅ።

ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሰው ላክሁ፤ ደምለው በመኪናው ደረሰ። ጺሙን ተላጭቶ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ያን ዕለት ከሰዓት ሴት ልጁን የሚጠይቁ ሽማግሌዎችን ሊቀበል ነው፤ ከባሕር ዳር የሚመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ከመኪናው ወርዶ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠኝም፤ የሽቦ ገመድ እየጎተተ መጣ።

«ጋሼ፣ ብረቱስ?» አልሁት።

«አንዱ ሐሙሲት ወስዶ አልመለሰውም።»

«ታዲያ አየር እኮ የለኝም። ጨርሶ አልቋል።»

«አውቃለሁ።»

«ልላክና ብረቱ ይምጣ፤ ነገ ብናወጣትስ?»

«ሐጂን ሩዙ በስብሷል ልትላቸው ነው?» አለኝ፤ ገመዱን የመኪናዬ አፍንጫ ላይ እያሰረ። «ሜዳ ነው ባክህ። ቀስ ብዬ ነው የምስብህ። እኔ እያለሁ ምን ትሆናለህ?»

ሜዳ ነው! እንዲህ ያለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ታኮ የሚያደርገው ሰው ነው። እኔም ደምለው ካለ ብዬ መሪዬን ያዝሁ። ያስተማረኝ እሱ፤ ቢሽረውም እሱ ያውቃል ነው ያልሁት በልቤ።

መኪናዋ ከጭቃው ስትወጣ እልልታው ቀለጠ፤ ገበሬዎቹም የሩዙ ጆንያ ላይ መውጣት ጀመሩ። «ውረዱ! ፍሬን የላትም፣ ውረዱ!» እያልሁ ጮህሁ። ደምለው በጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ተዋቸው፣ ሲገፉ ውለው በእግራቸው ይሂዱ? ቅርብ ነው ኧረ፣ እንሂድ!» አለኝ። ሞተሩ እያጓራ ነው፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

የፎገራ ሜዳ የሚያታልለው እንዲህ አድርጎ ነው። ሹፌሩ ሁሉ የደብረ ታቦርን ቁልቁለት ይፈራል፤ በሜዳው ላይ ቁልቁለት አለ ብሎ የሚያስብ የለም። ግን አለ። ዋናው መንገድ ክረምት ጎርፍ እንዳይወስደው በአፈር ተቆልሎ ነው የተሠራው፤ ድልድዮቹ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይልና ወዲያ ማዶ ቁልቁል ይወርዳል። ባዶ እግርህን ብትሄድበት አይታወቅህም። ሩዝና ሰው ለጫነ ፍሬን የለሽ መኪና ግን ቁልቁለት ነው።

ድልድዩን ወጣን፤ ገመዱ ተወጥሯል፣ ደግ ነው። ወዲያኛውን መውረድ ስንጀምር ገመዱ ላላ። መኪናዬ በራሷ መንከባለል ጀመረች፤ የደምለው መኪና ጀርባ ወደ እኔ እየቀረበ መጣ። ፔዳሉን ረገጥሁ፤ እስከ ታች ወረደ፣ ምንም የለም። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፤ ጮኸ እንጂ አልያዘም። ክላክስ እንዳልነፋ ክላክሱም በአየር ነው። በዚህ መካከል ከፊት የከብት መንጋ መንገዱን ሲሻገር ደምለው ፍሬን ያዘ። ምን ላድርግ? ጀርባውን ልግጨውና ሁላችንም እንለቅ ወይስ ከመንገድ ልውጣ? መሪውን ወደ ሩዙ ማሳ ጠመዘዝሁት። ገመዱ በአግድም ጎትቶ ያዘኝና መኪናዋ ከአፈር ቁልሉ ወርዳ በጎኗ ተኛች።

ጩኸቱን ተዉት። ሰዎቹ ጭቃና ውሃ ላይ ስለወደቁ ብዙዎቹ ተርፈው ተነሡ። አያ ይመር ግን እግሩ ከመኪናው ጠርዝ ሥር ነበር። ስናወጣው አልጮኸም፤ «እግሬ አለ?» ብቻ ነው ያለኝ። አለ አልሁት። ሐኪም ቤት ቆረጡት።

ፖሊስ መጣ፤ ሁለታችንንም ወረታ ጣቢያ ወሰዱን። እውነት ለመናገር እዚያ ስገባ ስለ ራሴ አልፈራሁም። ስለ ደምለው ነበር የምጨነቅ። ይህ ሽማግሌ እንዴት አድርጎ ይችለዋል፣ ልጁስ እንዴት ትሆናለች እያልሁ። ለመርማሪው ጥፋቱን እንዴት እንደማለዝብለት ሁሉ አስቤ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁት እሱን ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«መኪናው ፍሬን እንደሌለው ያውቁ ነበር?» አለው መርማሪው።

«አላውቅም» አለ ደምለው። «‹አየር አለኝ፣ ፍሬኑ ይይዛል› አለኝ። ገመዱንም ያሰረው ራሱ ነው። ‹ብረቱ እስኪመጣ እንጠብቅ› ብለው እምቢ አለኝ። ሰውም የጫነው እሱ ነው።»

ጆሮዬን አላመንሁትም። «ጋሼ?» አልሁ። «ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?»

ዞሮ አላየኝም። ከአዲሱ ሸሚዙ እጅጌ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፈቀፍቃል። «እውነቱን ነው የተናገርሁ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመርማሪው።

ከዚያ እኔ ብጮህ፣ ብምል፣ ብገዘት ማን ይስማኝ? ገበሬዎቹ ተጠየቁ፤ ሁለት ሹፌሮች ሲነጋገሩ አይተናል፣ የሞተር ድምፅ ነበር፣ ማን ምን እንዳለ አልሰማንም አሉ። ሐሰት አልተናገሩም። የወረታ ሹፌር ደግሞ አንድ ሳይቀር «ደምለው? በገመድ? ፍሬን የሌለው መኪና? ሂድ ወዲያ!» አለ። ውሸቱን ያጠነከረለት ያ ሁሉ ታኮው፣ ያ ሁሉ ስብከቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን መልካም ስም በአንድ ቀን እኔ ላይ አራገፈው። እሱ በዚያው ቀን ተለቀቀ፤ ቤቱ ሄዶ ሽማግሌዎቹን ተቀበለ፤ ልጁንም ዳረ። እኔ እዚያው አደርሁ፤ ከዚያም ተፈርዶብኝ ታሰርሁ፤ መንጃ ፈቃዴም ተነጠቀ።

እስር ቤት ሳለሁ ይመጣል ብዬ በር በር አይ ነበር። ሲመጣ የምለውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ ሦስት ዓይነት ስድብ፣ አንድ ይቅርታ። አልመጣም። እትዬ ጥሩወርቅም አልመጡም። ስወጣ ወረታ መኖር አቃተኝ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ከኋላዬ «ዋሽቶ የሰው እግር ያስቆረጠው» ሲሉ እሰማለሁ። ሐሙሲት መጥቼ ጎማ መጠገን ጀመርሁ። መሪ የያዘ እጅ፣ የሌላውን ጎማ ሲነፋ ኖረ።

አያ ይመር በክራንቹ ሐሙሲት ሲመጣ አይቀየመኝም፤ ቁጭ ብሎ ያወጋኛል። አንድ ቀን እውነቱን ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀና፣ «እኔ ምን አውቄ ልጄ። ሁለታችሁም ሹፌር ናችሁ። በቀረችኝ አንድ እግሬ ለማን ቆሜ ልመስክር?» አለኝ።

ደምለው በጎሚስታዬ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ ወደ ባሕር ዳር ሌላ መንገድ የለውማ። መኪናውን ከሩቅ በድምፁ አውቀዋለሁ። እኔ ጋ ሲቃረብ ማርሽ ይቀንሳል፤ ዛሬስ ሊቆም ነው እላለሁ። ከዚያ ፊቱን ወደ ፊት ተክሎ ያልፋል። ስንቱን ዓመት እንዲህ አደረገኝ! ባይቀንስ ይሻለኝ ነበር። አስፋልቱ ገባ፣ ባጃጁ መንገዱን ሞላው፣ እሱም አረጀና መንዳቱን ትቶ አዳዲስ ሹፌሮችን ማሠልጠን ያዘ አሉ። እኔም «አንድ ቀን፣ ሞት ሲቃረብ፣ ይልክብኛል» እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

መሞቱን የሰማሁ ዕለት መዶሻዬን አስቀምጬ ወረታ ሄድሁ። ለቅሶ ልደርስ አይደለም፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ እግሬ ወሰደኝ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ በሹፌር ጢም ብሏል። መኪኖቻቸው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ ሁሉም ታኮ ተደርጎላቸዋል። ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ከጎኔ የነበረው ጎልማሳ ሹፌር ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ሞገስ እባላለሁ አለኝ።

«እርስዎም ሹፌር ነበሩ?»

«ነበርሁ።»

«ከጋሼ ጋር?»

«አብረን ሠርተናል፤ ድሮ።»

«እንግዲያውስ ቁሐር ላይ መኪና የገለበጠውን ሰውዬ ያውቁታል!» አለኝ፤ ወደ እኔ ዞሮ ተመቻቸ። «ጋሼ ለእኔ ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት የነገሩኝ የሱን ታሪክ ነው። ለሁላችንም ነው የነገሩን። ፍሬን ሳይኖረው ‹ይይዛል› ብሎ ዋሽቷቸው፣ ገመዱን ራሱ አስሮ፣ ሰው ጭኖ…»

አንድ ሳያጓድል ነገረኝ። ጭቃው አለ፣ ገለባው አለ፣ የድልድዩ ቁልቁለት አለ፣ ከብቶቹ አሉ። ደምለው የለወጠው ሁለታችንን ብቻ ነው። እኔ ያልሁትን ሁሉ እሱ አለ፤ እሱ ያለውን ሁሉ እኔ አልሁ። «‹ብረቱስ?› ቢሉት፣ ‹ሜዳ ነው ባክዎ› አላቸው እኮ!» አለኝ ሞገስ፤ ዙሪያችን ያሉትም ይህችን ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም በቃሉ ያውቃታል።

«እኔን ራሴን አድኖኛል ታሪኩ» ሲል ቀጠለ። «አምና ሞተሬ ጠፍቶ አንዱ በገመድ ልጎትትህ ቢለኝ፣ ሞኝህን ፈልግ አልሁት።»

«የሰውዬውን ስም ነግሯችኋል?» አልሁት።

«ስሙንማ አይጠሩም። ‹ልጄ ነበር› ነው የሚሉት። ሲነግሩን እንባቸው ይመጣ ነበር።»

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልሁም። ተነሣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሹፌር ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደምለው በፊታቸው እንዲናገርልኝ ስመኝ የኖርሁት እነዚህን ሰዎች ነው እኮ፤ በአንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ እሱ ካልተናገረ እኔ ልናገር አልሁ።

«ያ የቁሐሩ ሰውዬ እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ ነኝ። እና እውነቱን…»

አላስጨረሱኝም። ሞገስ ብድግ ብሎ ሁለት እጄን ያዘ። ሌሎችም ከየወንበራቸው ተነሥተው ከበቡኝ። አንዱ ትከሻዬን ያቅፋል፣ አንዱ ጀርባዬን ይዳብሳል፣ አንዱ «እንኳን መጡ፣ እንኳን ለዚህ በቁ» ይለኛል። አፌን ስከፍት «አይዞዎት፣ አይዞዎት» እያሉ ይደርቡብኛል። በዓይናቸው ውስጥ ቅንጣት ቂም የለም፤ እንዲያ ያለ የዋህነት ነው ያየሁባቸው።

«እንዳይጨነቁ ጋሼ» አለኝ ሞገስ እንባውን እየጠረገ። «በመጨረሻዋ ቀን አጠገባቸው ነበርሁ። ‹እኔ እንደሆንሁ ያን ልጅ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ብታገኙት ንገሩልኝ› ብለዋል። ይቅር ብለውዎታል እኮ።»

ይቅር ብሎኛል። እሱ፣ እኔን።